ተዳፋት ሲጠና የሚሠሩ ስህተቶች፦ ከቤዛዊት እስከ ዘጌ

ለመሬት መንሸራተት ሥጋት የሚሰበሰብ መረጃ ዋጋ የሚኖረው በሚቀጥለው ክረምት ሌላ ሰው እዚያው ነጥብ ላይ ቆሞ ሊያነጻጽረው ሲችል ነው። በባሕር ዳር ዙሪያ፣ በቤዛዊት ኮረብታም ይሁን በዓባይ ዳርቻ ወይም በዘጌ ተዳፋት፣ ይህን የሚያበላሹት ስህተቶች ተመሳሳይ ናቸው።

የዋልካን ስንጥቅ የመንሸራተት ምልክት አድርጎ መመዝገብ ከሁሉ ይበዛል። ዋልካ በበጋ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ይህ ስንጥቅ ግን በየአቅጣጫው እንደ መረብ የተያያዘ ነው፤ ሁለቱ ጠርዞቹ እኩል ከፍታ ላይ ናቸው፤ ክረምት ሲገባም አፈሩ አብጦ ይገጥማል። የሚያሰጋው ተዳፋቱን አግድም የሚያቋርጠው፣ ብዙ ጊዜ እንደ ማጭድ የጎበጠው፣ የታችኛው ጠርዙ ዝቅ ያለው፣ ዝናብ ሲበረታ የሚሰፋው ነው። ስለዚህ «ስንጥቅ አለ» ብሎ መጻፍ ለማንም አይጠቅምም። ርዝመቱ፣ ስፋቱና የጠርዞቹ የከፍታ ልዩነት ይጻፍ። ከዚያ ከስንጥቁ ወዲህና ወዲያ 1 ሜትር ርቆ ችካል ይተከል፤ ራሱ ላይ ሚስማር ይመታና በሁለቱ ሚስማሮች መካከል ያለው ርቀት በሚሊሜትር ይለካ። የጨርቅ ሜትር ስለሚሳብ የብረት ይሻላል። አጭር ችካል ደግሞ ከሚያብጠው አፈር ጋር አብሮ ይነቃነቃልና ቢያንስ 50 ሴንቲሜትር ይቀበር፤ ዋልካው ጥልቅ ከሆነ ከዚያም በላይ። በሐምሌና በነሐሴ ልኬቱ በየቀኑ ቢሆን ጥሩ ነው።

መንገዱ ስለሚመች ብቻ በበጋ ሄዶ መመለስም አለ። ጥር ላይ ደረቅ ሆኖ የታየው ቦታ ነሐሴ ላይ ውሃ ሊያመነጭ ይችላል። ምንጩ ከየት እንደሚወጣ፣ ጠርቶ ይወርድ የነበረው መቼ እንደደፈረሰ ውሃ ቀጂዎቹ ሴቶች ከማንም በላይ ያውቃሉ፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚጠየቀው የቀበሌው ሊቀ መንበር ነው። ሲጠየቁም «ቀኑ ስንት ነበር?» ከማለት «ከቡሄ በፊት ነው በኋላ?» ማለት ይሻላል።

ፐርሰንትና ዲግሪ ይምታታሉ። 100 ፐርሰንት ተዳፋት 45 ዲግሪ ነው፤ 50 ፐርሰንት ደግሞ 27 ዲግሪ ያህል። መሣሪያ ከሌለ 2 ሜትር ሞራሌ የላይኛው ጫፉ መሬት ነክቶ በውሃ ልክ አግድም ይያዝ፤ ከታች በኩል ያለው ጫፍ ከመሬት 1.2 ሜትር ከፍ ካለ ተዳፋቱ 60 ፐርሰንት፣ ማለትም 31 ዲግሪ ነው።

ቦታን በቁጥር ሲመዘግቡ የቁጥሩን መነሻ አለመጻፍ ጎጂ ነው። የቆዩት 1፡50,000 ካርታዎች አዲንዳን በሚባለው መነሻ የተሠሩ ሲሆኑ ስልክ የሚሰጠው ደብልዩጂኤስ 84 በሚባለው ሌላ መነሻ ነው፤ ልዩነቱ 200 ሜትር ገደማ ስለሚደርስ ስንጥቁ ማዶ ካለው ሸንተረር ላይ ሊያርፍ ይችላል። ሰዓትም እንደዚሁ፦ ደብተሩ «ጠዋት 3 ሰዓት» ሲል የስልኩ ፎቶ 9፡00 ይላል። የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አንዴ ከላይ ይጻፍ፤ ቀኑም ጭምር።

ቤቱ ያለበትን ቦታ ብቻ አይቶ መመለስም የተለመደ ነው። ከተዳፋቱ አናት እስከ ግርጌው ይኬድ። በዓባይና በጣና ዳርቻ ግርጌው ውሃ ነው፤ ሐይቁ መስከረምና ጥቅምት ላይ ሞልቶ እስከ ሰኔ ይጎድላል። ብዙዎች አደጋው ውሃው ሲሞላ ብቻ ይመስላቸዋል። ውሃው ቶሎ ሲሸሽ ግን የራሰው ዳርቻ ደጋፊ አጥቶ ይናዳል፤ ስለዚህ ከጥቅምት በኋላም ተመልሶ ማየት ያስፈልጋል።

ገና የተናደ ቦታ ላይ ለመለካት መግባት ደግሞ ሕይወት ያስከፍላል። በጎፋ ዞን ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰቡ ሰዎችን ሁለተኛው ናዳ ቀበራቸው። ፎቶው ከጎን፣ ከጠንካራ መሬት ላይ ይነሳ፤ ከናዳው ግርጌ ግን ማንም አይቁም።