ከአሞኒያ ማቀዝቀዣ ዘይት እንዴት ይወጣል?

የኮምፕረሰሩ (አሞኒያውን ጨምቆ የሚያዞረው ማሽን) ዘይት ቶሎ ቶሎ ይጎድላል? ወለሉ ላይ ካልፈሰሰ ከአሞኒያው ጋር ተሳፍሮ ወደ ቀዝቃዛው ክፍል ወርዷል። አሞኒያና ዘይት አይዋሃዱም። ዘይቱ ስለሚከብድ ታች ይዘቅጣል፣ ክፍሉን የሚያቀዘቅዘውን የኢቫፖሬተሩን ቱቦም ከውስጥ ይለብጣል። ያኔ ማሽኑ ሲለፋ ይውላል፣ ክፍሉ ግን አይቀዘቅዝም። ስለዚህ ዘይቱ በየጊዜው መውጣት አለበት። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ አደጋው ግን ቀላል አይደለም። ያልሰለጠነ አይንካው፣ የሰለጠነም ብቻውን አይሥራው።

መጀመሪያ ፊት ሙሉ የሚሸፍን የአሞኒያ ማስክና የጎማ ጓንት አድርጉ። ፋኑን አብሩ። የዓይን መታጠቢያው ውሃ እንዳለው ከፍታችሁ እዩ።

ቀጥሎ ወደ ዘይት ማጠራቀሚያው የሚያስገባውን ቫልቭ ዝጉ። ወደ ኮምፕረሰሩ መሳቢያ መስመር (ኮምፕረሰሩ ጋዙን የሚስብበት ቱቦ) የሚሄደውን ግን ክፍት ተዉት። ሁለቱንም ከዘጋችሁ ውስጥ የቀረው ፈሳሽ አሞኒያ ሲሞቅ ይሰፋል። መሄጃ ካጣ ብረት ይሰነጥቃል።

አሁን ጠብቁ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። አሞኒያ በከባቢ አየር ግፊት ከዜሮ በታች 33 ዲግሪ ላይ ይፈላል። ስለዚህ ፈሳሹ እስካለ ድረስ ማጠራቀሚያው ከውጭ በረዶ ለብሶ ይቆያል። በረዶው ቀልጦ ብረቱ ሲደርቅ አሞኒያው ተኖ ሄዷል ማለት ነው። ቸኩላችሁ እሳት እንዳታስጠጉ! ለማረጋገጥ የመሳቢያውን ቫልቭ ለአፍታ ዝጉና የግፊት መለኪያውን (ጌጁን) እዩ። መርፌው ቶሎ ከወጣ ገና ነው፤ መልሳችሁ ክፈቱ። ከዜሮ በታች ከሆነም አታውጡ፤ ዘይት መውጣቱ ቀርቶ አየር ይገባል።

ከዚያ የብረት ባልዲ አስቀምጡ። ስፕሪንግ ያለውን የማውጫ ቫልቭ በእጃችሁ ከፍታችሁ ያዙ፤ ስትለቁት ራሱ ይዘጋል። በሽቦ አስሮት ዞር የሚል አለ፣ እብደት ነው። ሌላውን የማውጫ ቫልቭ ቀስ አድርጋችሁ ክፈቱ። ዘይቱ ወፈር ብሎ፣ ድምፅ ሳያሰማ ይወርዳል። መትፋት ወይም አረፋ መድፈቅ ሲጀምር ወዲያው ልቀቁት። ምንም ካልወጣ ተደፍኗል። ከፍታችሁ አትጠብቁ፤ ድፍኑ በድንገት ሲለቅ አሞኒያው ፊት ላይ ነው የሚመጣው። ሁለቱንም ዝጉና ኃላፊውን ጥሩ።

ሲያልቅ ማውጫዎቹን ዝጉ። የመሳቢያውን ቫልቭ ቀስ ብላችሁ ክፈቱ፣ ከዚያ የመግቢያውን። የወጣውን ለክታችሁ መዝግቡ። የጨመራችሁት 10 ሊትር ሆኖ የወጣው 3 ከሆነ ቀሪው የሆነ ቦታ ተኝቷል። ዘይቱን ወደ ኮምፕረሰሩ አትመልሱት። ባልዲውን ውጭ፣ ነፋስ ያለበት ቦታ አስቀምጡት፤ ሽታው እስኪጠፋ ድረስም አትክደኑት።