መሰብሰብ ሲከለከል የኳየር ልምምድ እንዴት ይቀጥላል?

ይህን የምጽፈው ድምፅ ለምታስተምሩ፣ ኳየር ለምትመሩ፣ ሰው ካልተሰበሰበ ሥራችሁ የሚቆም ለሚመስላችሁ ነው። «ኮቪድ እኮ አለፈ» የሚል ይኖራል። የዓለም ጤና ድርጅት ዓለም አቀፍ የጤና ስጋትነቱ ማብቃቱን ያወጀው በሜይ 2023 እ.ኤ.አ. ነው። ግን ሌላ ወረርሽኝ እንደማይመጣ ዋስ የሚሆነን የለም። ያኔ የተማርነውን ሳንረሳው ጽፈን ብናስቀምጠው ይሻላል።

ዋናውን ምክሬን ከወዲሁ ልናገር። የልምምድ ክፍላችሁን ስክሪን ላይ እንዳለ ለመድገም አትድከሙ። ዝማሬውን በቀረጻ ሥሩት። በቀጥታ የምትገናኙበትን ሰዓት ደግሞ ለመጠያየቅ፣ ለመደማመጥ ተዉት። ሌላው ሁሉ ከዚህ ይመዘዛል።

ተማሪዎቻችሁ «ለምን እኛ ቀድመን እንዘጋለን?» ማለታቸው አይቀርም። መልሱን ይዛችሁ ጠብቋቸው። ማርች 10 ቀን 2020 አሜሪካ ውስጥ በዋሽንግተን ግዛት የስካጂት ቫሊ ኳየር አባላት ለልምምድ ተገናኙ። 61 ሰዎች ነበሩ። ልምምዱ ሁለት ሰዓት ተኩል ቆየ። ምልክት የነበረበት አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱን ጨምሮ 53 ታማሚዎች ተቆጠሩ፤ 33ቱ በምርመራ የተረጋገጡ፣ 20ዎቹ ደግሞ ሳይያዙ አልቀሩም የተባሉ። ሁለቱ ሞቱ። ስንዘምር በኃይል እንተነፍሳለን። ከአፋችን የሚወጣው ደቃቅ ጠብታ አየር ላይ ይንሳፈፋል፤ ድምፃችን ከፍ ባለ ቁጥርም ይበዛል። እነዚያ ሰዎች ያጠፉት ነገር የለም። ይህን ለተማሪዎቻችሁ ስትነግሩ ማንንም ጥፋተኛ አታድርጉ።

ከዚያ አንዱ ተነስቶ «ታዲያ በዙም እንዘምራ!» ይላል። አይሆንም። ጥፋቱም የተማሪው ስንፍና ወይም የኢንተርኔቱ ነገር ብቻ አይደለም። ድምፅ አየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከእናንተ አሥር ሜትር ርቆ የቆመ ሰው ድምፅ ጆሯችሁ ለመድረስ 30 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ሙዚቀኞች ተናበው መጫወት መቸገር የሚጀምሩት እዚያ አካባቢ ነው። በተለመደው የቪዲዮ ጥሪ ደግሞ መዘግየቱ ብዙ ጊዜ ከ100 ሚሊ ሰከንድ ያልፋል። እኔ አንተን ስጠብቅ፣ አንተ እኔን ስትጠብቅ፣ ዜማው እየተጎተተ ይሄድና ይቆማል። በዚያ ላይ ፕሮግራሞቹ የተሠሩት ለንግግር ነው። ረጅም ቃና ሲሰሙ የማሽን ጩኸት እየመሰላቸው ያፍኑታል። አንድ ለአንድ ስታስተምሩ ይህን ማፈኛ ከድምፅ ማስተካከያው ውስጥ ገብታችሁ አጥፉት፤ ልዩነቱ ያስገርማችኋል።

መዘግየትን የሚቀንሱ እንደ ጃክትሪፕ ያሉ ፕሮግራሞች አሉ። ግን ጥሩ መስመር፣ ኬብልና ኢርፎን ይፈልጋሉ፤ በዘማሪዎቹ መካከል ያለው ርቀትም ሲበዛ አይሆኑም። ይህ ሁሉ ያላቸውን ብቻ ይዞ መቀጠል ቡድኑን ለሁለት መክፈል ነው። እኔ አልመክረውም።

አሁን ወደ ቀረጻው። መጀመሪያ እናንተ መሪ ቀረጻ አዘጋጁ። አራት ቆጥራችሁ ጀምሩ፤ በአራተኛው ላይ አንድ ጊዜ አጨብጭቡ። ለየድምፁ ለየብቻ ዘምሩት፤ አንድ ለሶፕራኖ (ለከፍተኛው የሴት ድምፅ)፣ አንድ ለአልቶ (ለዝቅተኛው የሴት ድምፅ)፣ እያለ ይቀጥላል። ተማሪው ያንን በአንድ ጆሮው በኢርፎን እየሰማ በሌላ ስልክ ራሱን ይቀዳል። ሁለተኛ ስልክ ከሌለው ከቤት ሰው ይዋስ። ስልኩን ክንድ ያህል ያርቀው፤ ከአፉ ፊት ለፊት ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን ያድርገው፤ አለዚያ ትንፋሹ ማይኩን ይመታዋል። እሱም በአራተኛው ቆጠራ ላይ ያጨብጭብ። በኋላ ድምፆቹን ስታቀናጁ ጭብጨባዎቹን አንድ መስመር ላይ ታገጥሟቸዋላችሁ፤ ሌላው በራሱ ቦታውን ይይዛል። መታጠቢያ ቤት ውስጥ አይቅዳ፤ ያስተጋባል። አልጋና መጋረጃ ያለበት ክፍል ይሻላል።

ሙሉ መዝሙር አትጠይቁ። ስምንት ባር፣ ማለትም ስምንት የምት ክፍል፣ ይበቃል። ቁርጥ ያለ ሰዓት ላይ ላኩ ብላችሁም አታስጨንቁ። በ2020 ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ከ1.5 ቢሊዮን በላይ ተማሪ ቤት ውሏል። ከእናንተ ኳየር አባላት ቤትም ልጅ አለ። ቤቱ ጸጥ የሚለው ሌሊት ከሆነ ሌሊት ይቅዱ።

ስትመልሱ በድምፅ መልሱ። ስሙን ጥሩት፤ የሠመረውን አንድ ነገር ቦታውን ጠቅሳችሁ ንገሩት፤ የሚታረመውንም አንድ ብቻ። «ሦስተኛው ስንኝ ላይ ትንፋሽህ ቃሉ መሃል ተቆረጠ፤ ከቃሉ በፊት ሰረቅ አድርግ፣ እንዲህ» ብዬ ራሴ እዘምርለታለሁ። ይህ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። ተማሪው ግን ደጋግሞ ይሰማዋል። በክፍል ውስጥ የነገርኩት ነገር እንዲህ ሲደጋገም አይቼ አላውቅም።

ለመላክ እምቢ የሚሉ ይኖራሉ። አትቆጧቸው። የራሳችንን ድምፅ ስንናገርም ስንዘምርም በአየር ብቻ ሳይሆን በራስ ቅላችን አጥንት በኩልም እንሰማዋለን፤ ቀረጻ ላይ ይህ ይቀራል፤ ድምፃችን ይቀጥንብናል፣ የሌላ ሰው ይመስለናል። ይህን ከመጀመሪያው ቀረጻ በፊት ንገሯቸው። አንዲት ሁሌም ከኋላ የምትቆም ተማሪ ነበረችኝ። ጎረቤቶቿ ድምፃቸው ጎላ ያለ ስለሆነ እሷን ለይቼ ሰምቻት አላውቅም። ብዙ ከተለመነች በኋላ የላከችውን ስሰማ ቃናን እንደሷ አጥብቆ የሚይዝ በቡድኑ ውስጥ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ለአልቶዎቹ መሪ ቀረጻውን የምትዘምረው እሷ ሆነች።

የቀጥታው ሰዓት አጭር ይሁን፤ አርባ ደቂቃ ይበቃል። አራት አምስት ሆናችሁ ተገናኙ፤ ሃያ ሰው ባለበት የሚናገረው ያው አንዱ ነው። ማይክ ዘግታችሁ ድምፅ አሟሙቁ፤ ከዚያ የሳምንቱን ቀረጻ አብራችሁ ስሙ፤ የቀረውን ለወሬ ተዉት። ካሜራ ክፈቱ ብላችሁ አታስገድዱ። ቤቱን ማሳየት የማይፈልግ አለ፤ ዳታ የሚቆጥብ አለ። የጠፋ ሰው ካለ ደውሉለት። ጽሑፍ አይደለም፣ ደውሉ። ስለ ልምምድ ሳታነሱ ደህንነቱን ብቻ ጠይቃችሁ ዝጉ።

በዚያ ሰሞን አንዲት አባላችን እናቷን አጣች። ሄደን አጠገቧ መቀመጥ አንችልም። እናቷ ትወደው የነበረውን መዝሙር ሁላችንም በየቤታችን ቀድተን፣ አቀናጅተን ላክንላት። በአንዱ ቀረጻ ላይ ከጀርባ ሕፃን ያለቅሳል። ላውጣው ወይ ብዬ ስጠይቅ ሁሉም ተዪው አሉኝ። ቀረጻ ሲባል ንጹሕ መሆን አለበት የሚል ካለ ይህን ያስብ።

የራሳችሁን ሥራ በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። በ1665 እ.ኤ.አ. በወረርሽኝ ምክንያት የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሲዘጋ የፊዚክስ ሊቁ ኒውተን ወደ ትውልድ ቤቱ ገብቶ ትልልቅ ግኝቶችን እንደጀመረ ይነገራል፤ እውነት ነው። ግን ኒውተን የሚመራው ኳየር፣ የሚያሳድገው ልጅ አልነበረውም። ራሳችሁን በእሱ አትለኩ። ፈጠራ የሚደርቀው ብዙ ጊዜ ከሰው ስለምንርቅ ነው፤ አዲስ የሚሰማን ጆሮ የለም። ስለዚህ ትንሽ ነገር ጻፉና ገና ጥሬ እያለ ለአንድ ሰው ላኩ። አራት መስመር ዜማም ቢሆን።

እገዳው ሲላላ ወደ ክፍል አትሩጡ። መጀመሪያ ደጅ ላይ፣ ተራርቃችሁ ዘምሩ። ወደ ውስጥ ስትገቡ ትይዩ መስኮቶችን ክፈቱ፤ ግማሽ ሰዓት ዘምራችሁ ውጡና አየሩ ይቀየር። የታመመ ሰው ቤቱ መቅረቱ እንደ መቅረት አይቆጠርበት። ቀረጻ የምትላላኩበትን ግሩፕም አትዝጉት። ያልመጣው ሰው በዚያው ቀን የልምምዱን ቀረጻ ያግኝ፤ እሱም ስምንት ባሩን ልኮ መልሱን ይስማ።