ገዢ ቤቱን አይቶ ይሄዳል፣ ግን አይመለስም? ችግሩና መፍትሄው

ገዢ መጣ፣ ዞር ዞር ብሎ አየ፣ "እንደዋወላለን" ብሎ ሄደ። ከዚያ ስልኩ ዝም። አንዴ ሁለቴ ከሆነ ያጋጥማል። ከተደጋገመ ግን ዋጋ ከመቀነሳችሁ በፊት እነዚህን እዩ። አዲስ ዕቃ ለመግዛትም አትሩጡ፤ አብዛኛው ጥፋት እናንተ ለምዳችሁት ማየት ያቆማችሁት ነገር ነው።

ገና በር ላይ ፊታቸው ይቀየራል

ሽታ ነው። አፍንጫ ቶሎ ይለምዳል፣ ስለዚህ "እኔን ምንም አይሸተኝም" ዋስትና አይሆንም። እዚያ ቤት የማይኖር፣ ይሉኝታ የሌለው ጓደኛ ጥሩና ጠይቁት። ምንጩ ብዙ ጊዜ ጨርቅ ነው፦ መጋረጃ፣ ምንጣፍ፣ ሶፋ። የምግብና የሲጋራ ሽታ እዚያ ውስጥ ይደበቃል። እጠቡት፣ ፀሐይ አስመቱት። ብዙም የማትጠቀሙበት መታጠቢያ ቤት የፍሳሽ ሽታ ካመጣ ደግሞ ሲፎኑ (ከማፍሰሻው ስር ያለው ጎባጣ ቧንቧ) ውስጥ ያለው ውሃ ደርቆ ሊሆን ይችላል፤ ሽታው ወደ ላይ እንዳይወጣ የሚያግደው ያ ውሃ ነውና አንድ ጆግ ውሃ ድፉበት። ሽቶ ግን አትርጩ። ገዢ ሞኝ አይደለም፣ "ምን እየደበቁ ነው?" ይላል።

"ትንሽ ጠበበችን" ይላሉ

ዕቃ በዝቷል። ከየክፍሉ ቢያንስ አንድ ትልቅ ዕቃ አውጡ፣ መተላለፊያ የሚዘጋውን አስቀድማችሁ። ቁምሳጥኑንም አትርሱ፤ ገዢ ይከፍተዋል፣ ጢም ብሎ ካየው ማስቀመጫ የሌለው ቤት ነው ብሎ ይወጣል። መጋረጃው ከመስኮቱ ጫፍ ላይ ከተሰቀለ ወደ ጣሪያው ጠጋ አድርጉት፣ ክፍሉ ቁመት ያገኛል። የሚገርመው ባዶ ክፍልም ጠባብ መምሰሉ ነው፤ ዓይን የሚለካበት ነገር ያጣል። መኝታ ቤት ከሆነ አልጋ ብቻ ይበቃል።

ፎቶው ብዙ ሰው ያመጣል፣ የመጣው ግን ይቀዘቅዛል

በሰፊው ሌንስ አንስታችሁታል። ሳሎኑ አዳራሽ ይመስላል፣ ሰውየው ሲገባ ሌላ ቤት ያገኛል። በተለመደው ሌንስ፣ ቀን ላይ፣ ካሜራውን ደረት አካባቢ ይዛችሁ እንደገና አንሱ።

ክፍሉ ይጨልማል፣ ቀለሙም ደስ አይልም

ቀለም ቀቢ ከመጥራታችሁ በፊት አምፖሎቹን እዩ። አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ከሆነ ጥሩ ግድግዳም የታመመ ይመስላል። ሳሎንና መኝታ ቤት ላይ ሁሉንም ከ2700 እስከ 3000 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው፤ ይሄኛው ወደ ቢጫ የሚያደላው) አድርጓቸው፣ ማሸጊያው ላይ ተጽፏል። መስኮቱንም ወልውሉ።

ጣሪያው ላይ ያለችው ቡናማ እድፍ ቀለም ብትቀቡትም ትመለሳለች

ውሃው አሁንም እየገባ ነው፣ ወይም እድፉ በውሃ የሚበጠበጠውን ቀለም አልፎ እየወጣ ነው። መጀመሪያ የሚያፈሰውን ጠግኑ፣ በደንብ ይድረቅ፣ እድፍ የሚያግድ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ መነሻ ቅብ) ቀቡ፣ ከዚያ ቀለም። እድፏን ብቻ ሸፍኖ መሸጥ ቤት ማሳመር አይባልም፣ ማታለል ነው። ምን እንደተጠገነ ለገዢው ንገሩት፤ እንደኔ ከሆነ ይሄ ከማንኛውም ጌጥ በላይ እምነት ያመጣል።

ገዢው በአምስት ደቂቃ ይወጣል

ይቅርታ፣ ይሄኛው እናንተ ናችሁ። ከኋላው እየተከተላችሁ "ይሄ እንትን ነው፣ ያ ደግሞ..." ስትሉ ሰውየው ቁምሳጥን መክፈት እንኳ ያፍራል፣ ከሚስቱ ጋርም በነፃነት አያወራም። ቁልፉን ለደላላው ስጡና ወጣ በሉ።