ግራዲየንት በትልቅ ህትመት ላይ ሰንበር ሲያወጣ፦ ችግርና መፍትሄ

ከላይ ደማቅ ሰማያዊ ሆኖ ወደ ታች እየነጣ የሚሄድ ባነር ታትሞ ሲወጣ፣ ለስላሳ መሆን የነበረበት የቀለም ሽግግር (ግራዲየንት) ደረጃ ደረጃ ይሠራል ወይም በመስመር ይሸነሸናል። ብዙ ኦፕሬተር ወዲያው ሄድ (ቀለም የሚረጨውን የማሽኑን ክፍል) ማጽዳት ይጀምራል። ችግሩ ፋይሉ ውስጥ ከሆነ ግን ደጋግሞ ማጽዳት ቀለም ከማባከን በቀር የሚለውጠው ነገር የለም። ስለዚህ ማሽኑንም ሴቲንጉንም ከመንካታችሁ በፊት ሰንበሩ የፋይሉ ይሁን የማሽኑ ለዩ።

መጀመሪያ ይህን አትሙ

ችግሩ ጎልቶ ከታየበት ቦታ ላይ ቁራጭ ውሰዱ። መጠኑን አትቀንሱት፤ ካነሰ ሰንበሩም አብሮ ይጠባል። ቁራጩን አንድ ጊዜ እንዳለ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ 90 ዲግሪ አዙራችሁ በዚያው ሚዲያ (በሚታተምበት ቁስ) እና በዚያው ሴቲንግ አትሙ። ሰንበሩ ከምስሉ ጋር አብሮ ከዞረ ምክንያቱ ፋይሉ ወይም ሪፕ ሶፍትዌሩ (ፋይሉን ማሽኑ ወደሚያትመው ነጥብ የሚቀይረው ፕሮግራም) ፋይሉን ያነበበበት መንገድ ነው። ምስሉ ዞሮ ሰንበሩ ግን ሄዱ በሚመላለስበት አቅጣጫ ተጋድሞ ከቀረ ምክንያቱ ማሽኑ ነው። ሳያዞሩ በዓይን ብቻ መለየት የሚያስቸግረው፣ ከላይ ወደ ታች የሚሄድ ግራዲየንት የሚሠራቸው ደረጃዎችም ልክ እንደ ማሽኑ መስመር አግድም ስለሚተኙ ነው።

ሁለቱም ችግር አብረው ከታዩ ማሽኑን አስቀድሙ። ሰንበር ሳይኖር የቀለሙ ዓይነት ብቻ ከተበላሸ ደግሞ በቀጥታ «ግራዲየንቱ መሃል ላይ ሲዘል፣ ሲቆም ወይም ቀለም ሲቀይር» ወደሚለው ክፍል እለፉ።

ሰፋፊ ደረጃዎች ከምስሉ ጋር ሲዞሩ

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ተራ ሒሳብ ነው። 8 ቢት ፋይል ለእያንዳንዱ ቀለም ያለው 256 ደረጃ ብቻ ነው። ከ20 በመቶ ወደ 30 በመቶ የሚሄድ ግራዲየንት ከእነዚህ ውስጥ የሚጠቀመው 26 ያህሉን ነው። ይህ በ3 ሜትር ላይ ሲዘረጋ እያንዳንዱ ደረጃ 11.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሰፋል፤ ዓይን ጠርዙን ያገኘዋል። ከ0 እስከ 100 የሚሄድ ግራዲየንት በዚያው ርዝመት ላይ የደረጃው ስፋት 1.2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚሆን እምብዛም አያስቸግርም። ለዚህ ነው ረጅምና ፈዛዛ ሽግግሮች ከሁሉ በፊት የሚበላሹት።

መፍትሄው ግራዲየንቱን ከመጀመሪያው በ16 ቢት መሥራት ነው። በ8 ቢት ተሠርቶ ያለቀውን ወደ 16 መቀየር የጠፋውን ደረጃ አይመልስም። ቀጥሎ ትንሽ ኖይዝ (በዘፈቀደ የተበተኑ ጥቃቅን ነጥቦች) ጨምሩ፤ በፎቶሾፕ 1 ወይም 2 በመቶ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ኖይዙ የደረጃዎቹን ጠርዝ ስለሚበታትነው ዓይን መስመር አያገኝም። አንዳንድ ዲዛይነሮች ሥራዬ ይቆሽሻል ብለው ይህን ይፈራሉ፤ ነገር ግን በዚህ መጠን የተጨመረ ኖይዝ በተለመደው የመመልከቻ ርቀት አይታይም፣ ሰንበሩ ግን ከሩቅ ይታያል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በ1 ለ10 ስኬል ለተሠራ ፋይል ነው፤ ሲታተም ኖይዙም አሥር እጥፍ አድጎ ፍርፋሪ ይመስላል። እንዲህ ላለው ሥራ ኖይዙን በመጨረሻው መጠን ላይ ጨምሩ።

ግራዲየንቱ ቬክተር (በፒክስል ሳይሆን በሒሳብ ቀመር የተሣለ) ከሆነ ቬክተር ሆኖ ይቆይ። በድሮ ኢፒኤስ ፎርማት ሲወጣ ወደ ተቆራረጡ ቁርጥራጮች ሊለወጥ ይችላል። ግልጽነት (ከሥሩ ያለውን የሚያሳይ ነገር) ወይም ጥላ ያለበትን ፋይል ንብርብሩ ወደ አንድ ሳይደፈጠጥ በሚያሳልፈው በፒዲኤፍ ኤክስ 4 አስቀምጡ። ጄፔግን ለግራዲየንት አልመክርም፤ ምስሉን በ8 በ8 ፒክስል ብሎክ እየከፋፈለ ስለሚጨምቀው ለስላሳው ቦታ ላይ አራት ማዕዘን ምልክት ይተዋል። ቲፍ ይሻላል።

በስክሪን ላይ የምታዩትን ሰንበር ግን ወዲያው አትመኑ። ሞኒተሩ ራሱ ደረጃ ሊያሳይ ይችላል። በአይድሮፐር (የቀለም ቁጥር ማንበቢያ መሣሪያ) ጎን ለጎን ያሉ ነጥቦችን ቁጥር አንብቡ፤ ቁጥሩ በየአንዱ እየጨመረ ከሄደ ፋይሉ የሚችለውን ያህል ለስላሳ ነው።

እኩል ርቀት ያላቸው ቀጫጭን መስመሮች

ማስመሪያ አንሱና በመስመሮቹ መካከል ያለውን ርቀት ለኩ። ከዚያ የሄዱን የህትመት ስፋት በፓስ ቁጥር (ሄዱ በአንድ ቦታ ላይ በሚያልፍበት ጊዜ ብዛት) አካፍሉ። ለምሳሌ ስፋቱ 5 ሴንቲ ሜትር ሆኖ በ4 ፓስ ከታተመ ሚዲያው በየዙሩ 1.25 ሴንቲ ሜትር ይራመዳል። የለካችሁት ርቀት ከዚህ ጋር ከገጠመ ችግሩ የፊድ (የሚዲያው እርምጃ) ነው። መስመሩ ነጭ ወይም ፈዛዛ ከሆነ ሚዲያው ከሚገባው በላይ ተራምዷል፤ ጥቁር ከሆነ ደግሞ ሳይበቃው ቀርቶ ቀለም በቀለም ላይ ተደራርቧል።

የፊድ ካሊብሬሽኑን (ማስተካከያውን) በዚያው ሥራ በሚታተምበት ሚዲያ፣ ሂተሩ ወደ ሥራው ሙቀት ከደረሰ በኋላ አድርጉ። ቪኒል ሲሞቅ ስለሚለጠጥ፣ በቀዝቃዛው የተስተካከለው ፊድ ከጥቂት ሜትር በኋላ ይዛነፋል። ሙሉ ጥቅልና ሊያልቅ የደረሰ ጥቅልም እኩል አይጎተቱም፤ ረጅም ሥራ ላይ መሃል ላይ ቆማችሁ ተመልከቱ። ፓስ መጨመር መስመሩን ይሸፍናል፣ ነገር ግን ፊዱን አያስተካክልም፤ ፍጥነትም ይወስዳል። እኔ መጀመሪያ ፊዱን አስተካክዬ፣ ፓሱን የምጨምረው ግራዲየንቱ ሰፊ ከሆነ ብቻ ነው።

ሙከራውን በደፈናው በተሞላ ቀለም አትሥሩ። ቀለሙ ተንሰራፍቶ መስመሩን ይደብቃል። ግማሽ ያህል የተሞላ ግራጫ ወይም ሰማያዊ ጥፋቱን ቶሎ ያጋልጣል።

በአንድ ቀለም ላይ ብቻ የሚታይ መስመር

ይህ የተዘጋ ወይም አቅጣጫው የተጣመመ ኖዝል (ቀለም የሚወጣበት ቀዳዳ) ነው። የኖዝል ቼክ አትሙ፤ ሄድ ማጽዳት ቦታው እዚህ ነው። ቼኩ ሙሉ ሆኖ ሳለ ከተወሰነ ሜትር በኋላ ቀለሙ እየሳሳ ከሄደ ግን ማጽዳቱን አቁሙ። ቀለም እየደረሰ አይደለም ማለት ነው፤ ቱቦው ውስጥ የገባ አየር፣ የተደፈነ ፊልተር ወይም ያረጀ ዳምፐር (ቀለም ወደ ሄዱ ከመግባቱ በፊት የሚያልፍበት ትንሽ ክፍል) ፈልጉ።

መስመር ሳይኖር ቀለሙ በየሽንሽኑ ሲለዋወጥ

አንዱ ሽንሽን ቀላ፣ ቀጣዩ አረንጓዴ ቢመስል የሁለት አቅጣጫ ህትመት ውጤት ነው። ሄዱ ሲሄድ ሲያን (ሰማያዊው ቀለም) ቀድሞ ይወድቃል፣ ሲመለስ ደግሞ መጨረሻ ላይ ይሆናል። በአንድ አቅጣጫ ብቻ አትሙ። ከጠፋ ምክንያቱ ታውቋል፤ ፓስ ጨምራችሁ ወደ ሁለት አቅጣጫ መመለስ ትችሉ እንደሆነ ሞክሩ።

ግራዲየንቱ መሃል ላይ ሲዘል፣ ሲቆም ወይም ቀለም ሲቀይር

ግራጫው መሃል ላይ ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ሮዝ ከዞረ፣ አብዛኛውን ጊዜ ፕሮፋይሉ (ማሽኑ በአንድ ሚዲያ ላይ የሚያወጣውን ቀለም የሚገልጸው ፋይል) የሌላ ሚዲያ ነው። ለዚያ ሚዲያ ሊኒያራይዜሽን (እያንዳንዱ ቀለም በእኩል ደረጃ እንዲጨምር ማስተካከል) ሥሩ፤ የአጠቃላይ ቀለም መጠን ገደቡን ወስኑ፤ ከዚያ ፕሮፋይል አውጡ። ቅደም ተከተሉ አይገለበጥም፤ ሊኒያራይዜሽኑ ሳይስተካከል የወጣ ፕሮፋይል ስህተቱን ይዞ ነው የሚወጣው። ላይት ሲያንና ላይት ማጄንታ (ፈዛዛ ሰማያዊና ፈዛዛ ሮዝ ቀለም) ባለው ማሽን ላይ ፈዛዛው ቀለም ለሙሉው በሚለቅበት ነጥብ ዝላይ ከታየም መፍትሄው ያው ሊኒያራይዜሽን ነው።

ደማቁ ጫፍ ላይ ግራዲየንቱ ቆሞ አንድ ወጥ ቀለም ከሆነ፣ ማሽኑ የማይደርስበትን ቀለም ጠይቃችሁታል። ሬላቲቭ ኮሎሪሜትሪክ የተባለው የቀለም መቀየሪያ ዘዴ ማሽኑ ከሚደርስበት የቀለም ክልል የወጣውን ሁሉ ጠርዙ ላይ ይቆርጠዋል፤ ወደ ፐርሴፕችዋል ቀይሩት። በሌላው ጫፍ፣ ነጭ መሆን ያለበት ቦታ ስስ ቀለም ይዞ ጠርዙ ከታየ አብሶሉት ኮሎሪሜትሪክ ተመርጦ እንዳይሆን እዩ።

ከሰማያዊ ወደ ቢጫ ወይም ከቀይ ወደ አረንጓዴ ሲኬድ መሃሉ የሚደፈርሰው ተቃራኒ ቀለሞች ሲቀላቀሉ ወደ ግራጫ ወይም ቡናማ ስለሚያደሉ ነው፤ ማሽኑ ላይ የምታስተካክሉት ነገር የለም። ዲዛይኑ ላይ መካከለኛ ቀለም አስገቡ፤ ለምሳሌ በቀይና በአረንጓዴ መካከል ንጹህ ቢጫ። ሰማያዊው ወይን ጠጅ ከመሰለ ማጄንታው በዝቷል፤ ከሲያኑ ቢያንስ 30 በመቶ ዝቅ አድርጉት።

ሁለት ሸራዎች ሲገጣጠሙ ቀለማቸው ሲለያይ

ግራዲየንቱ ከአንድ ጥቅል ስፋት በላይ ሆኖ በሸራ ሲከፋፈል፣ የማሽኑ ግራና ቀኝ ጫፍ ፍጹም አንድ ዓይነት ቀለም ስለማያወጡ መገጣጠሚያው ይታያል። ሸራዎቹን በተራ አንዱን ቀጥ፣ ቀጣዩን 180 ዲግሪ አዙራችሁ አትሙ። ያን ጊዜ የሚገናኙት ጠርዞች በማሽኑ አንድ ጎን የታተሙ ይሆናሉ። ሁሉንም ከአንድ ጥቅል፣ ማሽኑን ሳታቆሙ ተከታትለው እንዲወጡ አድርጉ።