«ጋዝ ሙላልኝ» ከማለታችሁ በፊት፦ በአሮጌ መኪና ኤሲ ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

ትናንት አንድ ደንበኛ ከመኪናው ሳይወርድ «ጋዝ ሙላልኝ» አለኝ። አምና አስሞልቶ ነበር፣ አለቀ። ካቻምናም እንደዚሁ። ይህን ስሰማ ከልቤ አዝናለሁ፤ ሁለት ጊዜ ገንዘቡን ወስደው ችግሩን አልነኩለትም።

የኤሲ ጋዝ እንደ ቤንዚን አይቃጠልም። በዝግ ቱቦ ውስጥ ይዞራል፤ ኢቫፖሬተሩ (ዳሽቦርዱ ስር ያለው ማቀዝቀዣ) ላይ ሙቀት ይሰበስባል፣ ኮንደንሰሩ (ከራዲያተሩ ፊት ያለው) ላይ ያራግፋል፣ ተመልሶ ይመጣል። በአሮጌ መኪና በጎማ ቱቦዎቹና በኮምፕረሰሩ (ጋዙን የሚገፋው ፓምፕ) ዘንግ ማሸጊያ በኩል በብዙ ዓመት ትንሽ ትንሽ ሊወጣ ይችላል። በየዓመቱ የሚያልቅ ከሆነ ግን ቀዳዳ አለ፤ መጀመሪያ እሱ ይፈለግ። ጋዙ ሲወጣ ዘይት ይዞ ስለሚወጣ መጋጠሚያዎቹን በባትሪ እያበራችሁ እዩ። ቅባት ይዞ አቧራ የተጣበቀበት ቦታ ካለ ከዚያ ጀምሩ። የሳሙና አረፋ ቀቡበት። የሰውየው መኪና የሚያፈሰው ኮንደንሰሩ መግቢያ ላይ ከደረቀች አንዲት የጎማ ቀለበት ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም ጎንበስ ብሎ አላያትም።

የግፊት መለኪያ ጌጅ አንብቦ መሳሳትም አለ። ሞተሩ ጠፍቶ፣ አየሩ 25 ዲግሪ ሲሆን፣ አር-134ኤ የተባለው ጋዝ ያለበት ኤሲ 80 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) አካባቢ ያሳያል። ውስጡ ፈሳሽ ጋዝ እስካለ ድረስ ትንሽም ይኑር ብዙ ቁጥሩ ያው ነው። ስለዚህ በዚህ ብቻ «ሙሉ ነው» አትበሉ። ትክክለኛው መንገድ ያለውን በማሽን አውጥቶ፣ ኮፈኑ ስር በተለጠፈው መጠን በሚዛን መሙላት ነው። ማብዛትም ቅዝቃዜውን ይቀንሳል።

አሁን ደግሞ እኔ ራሴ የሠራሁት ስህተት። ጀማሪ ሳለሁ ኮምፕረሰሩ አልነሳ ሲለኝ የግፊት ስዊቹን ሶኬት ነቅዬ በሽቦ አገናኘሁት። ተነሳ፤ ደስ አለኝ። ስዊቹ ያቆመው ጋዝ ስላነሰ እንደሆነ አልገባኝም ነበር። ኮምፕረሰሩን የሚያለሰልሰው ዘይት ከጋዙ ጋር ነው የሚዞረው። ብዙም ሳይቆይ ኮምፕረሰሩ ተጣብቆ ቀረ፤ የብረት ብናኙ ኮንደንሰሩ ድረስ ገባ። የባለመኪናው ፊት እስከ ዛሬ አይረሳኝም። እንዲህ ከተበላሸ ኮምፕረሰር ብቻ ቀይሮ መዝጋት አይቻልም። ድራየሩና (እርጥበት የሚመጠው) ኤክስፓንሽን ቫልቩ (ጋዙን በጠባብ ቀዳዳ ወደ ኢቫፖሬተሩ የሚያስገባው) ይቀየራሉ፣ ቱቦዎቹ ይታጠባሉ። ቀጫጭን መስመር ያለው ኮንደንሰር ታጥቦ ስለማይጠራ እሱም ይቀየራል። አለዚያ አዲሱን ኮምፕረሰር ያው ብናኝ ይበላዋል።

ሌላው ስህተት ቫኪዩም ሳይመቱ፣ ማለትም ውስጡን በፓምፕ ስበው ባዶ ሳያደርጉ መሙላት ነው። ቱቦ ከተከፈተ አየርና እርጥበት ገብቷል። እርጥበቱ ኤክስፓንሽን ቫልቩ ላይ በረዶ ይሆናል፤ ኤሲው ጥቂት ቀዝቅዞ ይቆማል፣ አርፎ ሲነሳ ደግሞ ይቀዘቅዛል። ቢያንስ 30 ደቂቃ ምቱ፣ ከዚያ የጌጁን ቫልቮች ዘግታችሁ መርፌው እንዳይመለስ ጠብቁ። ከተመለሰ ያፈሳል ወይም ውስጡ ገና እርጥበት አለ።

ከ1990ዎቹ አጋማሽ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) በፊት የተሠሩ መኪኖች ብዙዎቹ አር-12 የተባለ የድሮ ጋዝ ነበራቸው። የዚያ ዘመን ማዕድን ዘይት ከአር-134ኤ ጋር አይዋሃድም፣ ወደ ኮምፕረሰሩም በደንብ አይመለስም። ወደ አር-134ኤ ስትቀይሩ አሮጌውን ዘይት አውጡ፣ የሚስማማውን አስገቡ፣ ድራየሩንና የጎማ ቀለበቶቹን ቀይሩ። የሚሞላውም ጋዝ ከድሮው መጠን ያንሳል።

መኪናው ሲሄድ ቀዝቅዞ ሲቆም የሚሞቅ ከሆነ መጀመሪያ የኮንደንሰሩን ፋን እዩ። ቫልቮላውን፣ ሪሌዩን፣ የፋኑን ሞተር። ኮንደንሰሩ ፊት የተከማቸ ቅጠልና አቧራም ያንኑ ችግር ያመጣል።

ከኢቫፖሬተር የሚወጣው ወፍራም ቱቦ ቀዝቅዞ ውስጥ ሞቃት አየር ከመጣ፣ ጋዙን ተዉትና ሙቅና ቀዝቃዛ አየር የሚያቀላቅለውን በር ፈልጉ። ዳሽቦርዱ ስር ነው።

ቀዳዳ ይደፍናል የሚባለውን ፈሳሽ አልጨምርም። የመሙያ ማሽንን ይዘጋል፤ ኤክስፓንሽን ቫልቭንም ሊዘጋ ይችላል።

መነጽርና ጓንት ሳታደርጉ ቱቦ አትፍቱ። አር-134ኤ የሚፈላው ከዜሮ በታች 26 ዲግሪ ላይ ነው፤ ፈሳሹ ዓይን ከነካ ያቀዘቅዘዋል፣ ሊያሳውርም ይችላል።