ለሚፈልሱ አጋዘኖች የጎዳና መተላለፊያ ሲሠራ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

በኋላ ሊታረም የማይችለው ትልቁ ስህተት፣ የመተላለፊያውን ቦታ በግጭት መዝገብ ብቻ መምረጥ ነው። ተሽከርካሪዎች አጋዘን የገጩባቸው ቦታዎች ዝርዝር ጠቃሚ ቢሆንም፣ የሚያሳየው እንስሳቱ አሁንም ለመሻገር የሚደፍሩበትን ስፍራ ነው። በአሜሪካዋ ዋዮሚንግ ግዛት እንደሚያልፈው ኢንተርስቴት 80 ትራፊኩ በማይቋረጥበት ጎዳና መንጋው መሻገሩን ጨርሶ ሊተው ይችላል፤ በመንገዱ ዳር በድን አለመታየቱም ችግር የሌለ ያስመስላል። ስለዚህ በአንገታቸው ላይ የጂፒኤስ መከታተያ የታሰረላቸው እንስሳት የሚጓዙበትን መስመር አስቀድሞ ማጥናት ያስፈልጋል። ሚዩል ዲር የሚባሉት አጋዘኖች በየዓመቱ ያንኑ የፍልሰት መስመር አጥብቀው ስለሚከተሉ፣ መተላለፊያው ከመስመራቸው ርቆ ቢሠራ ፈልገው ያገኙታል ብሎ መተማመን አይቻልም።

አንድ ንድፍ ለሁሉም እንስሳ ይበቃል ማለትም ስህተት ነው። በዚያው ግዛት ትራፐርስ ፖይንት በተባለው ስፍራ፣ በ2012 ከተጠናቀቁት 2 ድልድዮችና 6 የመንገድ ሥር መተላለፊያዎች መካከል፣ ሚዩል ዲር በአብዛኛው ከሥር ማለፍን ሲመርጡ፣ ፕሮንግሆርን ግን (አጋዘን ባይሆንም በዚያው አካባቢ ይፈልሳል) ድልድዮቹን መርጧል። ፕሮንግሆርን የገላጣ ሜዳ እንስሳ ሲሆን አደጋን የሚለየው በዓይኑ ከሩቅ በማየት ነው። ለሚዩል ዲር ቢሆን ጠባብና ረጅም ዋሻ አይመችም፤ ገና ሳይገቡ የወዲያኛው ጫፍ ብርሃን ሊታያቸው ይገባል።

በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚቆረጠው እንስሳቱን ወደ መተላለፊያው የሚመራው አጥር ነው፤ እንደ እኔ እምነት ግን ያለ አጥር የቆመ ድልድይ ገንዘብ ማባከን ነው። ለአጋዘን የሚሠራ አጥር አብዛኛውን ጊዜ 2.4 ሜትር ያህል ከፍታ አለው፤ ርዝመቱ ከ5 ኪሎ ሜትር ሲያንስ እንስሳቱ ጫፉን ዞረው ወደ አስፋልቱ ስለሚገቡ ውጤቱ ይዋዥቃል። በዚያው በዋዮሚንግ፣ በዩኤስ 30 ጎዳና ላይ በሚገኘው ነጌት ካንየን፣ 7 የመንገድ ሥር መተላለፊያዎች በአጥር ከተያያዙ በኋላ ከሚዩል ዲር ጋር የሚደርሰው ግጭት በ81 በመቶ ቀንሷል። አጥሩ ራሱ ወጥመድ እንዳይሆን ደግሞ፣ በስህተት ወደ መንገዱ የገባ አጋዘን ወደ ውጭ ዘሎ የሚያመልጥበት፣ ከመንገዱ በኩል በአፈር የተደለደለ መውጫ በየቦታው መተው አለበት።

መተላለፊያውን የእግረኛና የብስክሌት መንገድ አድርጎ ወጪውን ለማካፈል የሚቀርበው ሐሳብ ማራኪ ቢመስልም፣ ሰው የሚበዛበትን ቦታ እንስሳት ይሸሹታል። በሁለቱም በኩል ያለው መሬት በኋላ ቤት ወይም ሌላ አጥር እንዳይሠራበት ከባለይዞታዎቹ ጋር አስቀድሞ ካልተስማሙ ደግሞ መተላለፊያው መድረሻ የሌለው ይሆናል።

የመጀመሪያውን ዓመት ቁጥር አይቶ ሥራው ከሽፏል ብሎ መፍረድም ተገቢ አይደለም። በነጌት ካንየን ወደ መተላለፊያዎቹ ከቀረቡት ሚዩል ዲር መካከል በመጀመሪያው ዓመት ያለፉት 54 በመቶ ሲሆኑ፣ በ3ኛው ዓመት 92 በመቶ ደርሰዋል፤ በመሆኑም የካሜራ ክትትሉ በጀት ከግንባታው ውል ጋር አብሮ ማብቃት የለበትም።