ጉሬዛ ለማየት ወደ ሱባ ደን ለምትሄዱ

ከአዲስ አበባ ወጣ ብላችሁ በወጨጫ ተራራ ላይ ያለውን የመናገሻ ሱባ ደን ለመጎብኘት ካሰባችሁ፣ እባካችሁ በማለዳ ድረሱ። ጉሬዛ ከብርዳማው ሌሊት በኋላ ዛፍ ጫፍ ላይ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል፤ ሲረፋፍድ ቅጠሉ ውስጥ ይሰወራል። ስለዚህ ዓይናችሁን ከመንገዱ አንስታችሁ የጽዱንና የዝግባውን አናት ቃኙ። ቁልቁል የተንጠለጠለ ነጭ ጭራ ካያችሁ ባላችሁበት ቁሙ። ዕድለኛ ከሆናችሁ እናቲቱ ደረት ላይ የተለጠፈ፣ መላ አካሉ ነጭ የሆነ አራስ ልጅ ታያላችሁ፤ ጥቁሩ ፀጉር የሚመጣው ቆይቶ ነው። እኔ ከደኑ እይታ ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ! ሙዝም ዳቦም አትወርውሩ፤ ሆዱ የተሠራው ቅጠል ለማብላላት ነው። ከቁጥቋጦው የውሻ ጩኸት የሚመስል ድምፅ ከሰማችሁ የምኒልክ ድኩላ ሊሆን ይችላልና ዝም በሉ። በክረምት ቦቲ ጫማ አትርሱ፣ ጭቃው ብርቱ ነው።